ስም ያለው ሲኒ፣ ስም የሌለው ጀበና

በረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ ፊቱን ሲያሳይ ጌጡንና ንጣቱን ያሳያል፤ ሲገለበጥ ግን ታሪኩን ይናገራል። ቡና በማይደርስበትና የእንግዳ ዓይን በማያርፍበት ግርጌው ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ይገኛል፤ ዘውድ፣ መልሕቅ፣ የተሻገሩ ሰይፎች፣ የአገር ስም፣ ወይም የባለ ፋብሪካው ስም። ከአጠገቡ በማቶቱ ላይ የተቀመጠው ጀበና ቢገለበጥ ግን ከጥላሸት በቀር የሚነበብ ነገር የለበትም። ሁለቱም ከአፈር ተሠርተው በእሳት ያለፉ ናቸው። ሁለቱም ለአንድ ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ አብረው ያገለግላሉ። ይሁንና አንዱ ስም አለው፤ ሌላው የለውም። ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ስም ያለውስ ዕቃ የሚጠራው በእርግጥ የሠሪውን ስም ነውን?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የሚነሣ አይደለም። ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእንጭኒም ሆነ በአምቦና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሸክላ ዕቃ ከገበያ አልጠፋም። ገዢ ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል፤ ድምፁን አዳምጦ ስንጥቅ እንዳለውና እንደሌለው ይለያል፤ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ስለ ዕቃው ጤንነት ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ገዢ ዕቃውን ያበጀችው ሴት ማን እንደሆነች ግን እምብዛም አይጠይቅም። ገዢው ባይጠይቅ አያስደንቅም። ስለ ኪነ ጥበብ የሚጽፈው፣ የሚያስተምረውና ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው ሰው አለመጠየቁ ግን ሊተች የሚገባው ጉዳይ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ደግሞ ስሙን ከግርጌው ላይ በማተም ረገድ ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፈውን የእንግሊዙን የዌጅዉድ ፋብሪካ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምልክት ባለቤት ማን ነው?

«ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ የምንጭ ምልክት ነው። ወደ አማርኛ የዘለቀው ከዐረብኛ ሲሆን ፍቺው «የቻይና» ማለት ነው። እንግሊዞችም ይህንኑ ዕቃ በትውልድ አገሩ ስም «ቻይና» እያሉ ይጠሩታል። በቻይና፣ በተለይም በሸክላ ሥራ በታወቀችው በጂንግደዠን ከተማ፣ ለቤተ መንግሥት በተሠሩ ዕቃዎች ግርጌ ይጻፍ የነበረው የሠሪው ስም ሳይሆን የሥርወ መንግሥቱና የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነበር። ከዚህም አልፎ፣ ኋላ የተነሡ ሠሪዎች ለቀድሞው ሥራ ካላቸው ክብርም ሆነ ገዢን ለማሳሳት ሲሉ ያለፉትን ነገሥታት ዘመን በአዲስ ዕቃ ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። በአውሮፓም ቢሆን በ1710 በሳክሶኒ፣ ማይሰን በተባለች ከተማ የተቋቋመው ፋብሪካ ምልክቱ ያደረጋቸው ሁለት የተሻገሩ ሰይፎች ከአገሩ ገዢ አርማ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ በሸክላ ዕቃ ላይ የሚገኝ ምልክት በብዙ ሥፍራ መጀመሪያ የተናገረው ስለ ገዢው እንጂ ስለ ሠሪው አልነበረም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥንታዊ ምሳሌ ግን አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን በአቴና ይኖሩ ከነበሩት ሸክላ ሠሪዎችና የሸክላ ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ «እገሌ ሠራኝ»፣ «እገሌ ሣለኝ» የሚል ቃል በዕቃው ላይ ያሰፍሩ ነበር። ኤክሴኪያስ የተባለው ባለሙያ ስሙን በሁለቱም መንገድ ጽፎ ትቶአል። እዚህ ላይ የሚናገረው ዕቃው ነው፤ የሚመሰክረውም ስለ ገዢው ወይም ስለ ባለ ሀብቱ ሳይሆን ስላበጀው እጅ ነው። እንግዲህ የምልክት ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። አንደኛው የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው የሠሪውን። ዌጅዉድ የቆመው ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበትና በሚለያዩበት ሥፍራ ላይ ነው።

የበርዝለሙ ሸክላ ሠሪ

ጆሳያ ዌጅዉድ በ1730 በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሺር ግዛት በርዝለም በተባለች የሸክላ ሠሪዎች መንደር ተወለደ። አባቱም ሸክላ ሠሪ ነበር። በልጅነቱ የያዘው የፈንጣጣ በሽታ ቀኝ ጉልበቱን ስለ ጎዳው የሸክላ ሠሪውን መንኮራኩር በእግሩ እየገፋ ለመሥራት አልተመቸውም፤ በ1768ም እግሩ ተቆረጠ። ከመንኮራኩሩ መራቁ ግን አፈሩን፣ ቅቡንና እሳቱን ወደ መመርመር አዘነበለው። የሞከረውን ሁሉ በቁጥር እየለየ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። በ1759 የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ፋብሪካው የመቋቋሚያ ዓመቴ ብሎ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ውጤቱ ክሬም መልክ ያለው፣ ቀላልና ለገበታ የሚመች ሸክላ ነበር። ንግሥት ሻርሎት በ1765 የሻይ ዕቃ ስላዘዘችው ሸክላውን «የንግሥት ዕቃ» ብሎ ሰየመው፤ በዚህም ስም በመካከለኛው መደብ ቤት ሁሉ ሸጠው። በ1768 ጥቁሩን ባሳልት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከብዙ ሙከራ የተገኘውን ጃስፐር የተባለ ዓይነት አወጣ፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቅርጾች የሚለጠፉበትና እስከ ዛሬ ድረስ የፋብሪካው መታወቂያ የሆነው ይህ ነው። በ1769 ከሸሪኩ ከቶማስ ቤንትሊ ጋር ኢትሩሪያ የተባለውን ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። በ1774 ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪን የተላከው የገበታ ዕቃ 952 ቁራጭ ሲሆን፣ ከ1,200 በላይ የእንግሊዝ አገር መልክዐ ምድርና ሕንፃዎች በእጅ ተሥለውበታል። ዌጅዉድ የእቶን ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ስለ ሠራ በ1783 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1795 ሞተ።

ይህ ሰው ሸክላ ሠሪ መሆኑን አላፈረበትም። በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ የስታፎርድሺር ሠሪዎች ዕቃቸውን ያለ ምልክት ሲሸጡ፣ ስሙን በዕቃው ላይ ያለማቋረጥ ካተሙት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን አንዱ እርሱ ነበር። የሸክላ ሠሪ ስም ከመኳንንት ስም እኩል በሳሎን ውስጥ እንዲጠራ አድርጓል። ይህ ታሪካዊ ድርጊት በማንኛውም ሚዛን ከፍ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

ከማኅተሙ የሚነበበውና የማይነበበው

የዌጅዉድ ማኅተም አሠራር ቀላል ነው። ጭቃው ሳይደርቅ የብረት ወይም የሸክላ ማኅተም ከግርጌው ላይ ይጫናል፤ ዕቃው በእሳት ሲበስል ስሙ የሸክላው አካል ይሆናል። ኋላ የመጣው የቀለም ኅትመት በቅቡ ላይ ሲያርፍ፣ ይህኛው ከሥጋው ውስጥ የገባ ነው። ዕቃን በምልክቱ የሚለይ ሰው ከግርጌው ብዙ ሊያነብ ይችላል። የዌጅዉድና የቤንትሊ ስም በአንድነት ከተገኘ ዕቃው ከ1769 እስከ 1780 ባለው ጊዜ የተሠራ የጌጥ ዕቃ ነው፤ ቤንትሊ በ1780 ሞቷልና። ከ1860 ጀምሮ ሦስት ፊደላት ተጨመሩ፤ የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ሠሪውን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ያመለክታል። ከ1878 ጀምሮ፣ ከተቃጠለ የከብት አጥንት ዱቄት ጋር ተደባልቆ በሚሠራው ስስ ሲኒ ላይ፣ ዌጅዉድ በ1790 በጃስፐር አስመስሎ ያቀረበው የሮማውያን «የፖርትላንድ ማሰሮ» ሥዕል ይታተም ጀመር። «እንግሊዝ» የሚለው የአገር ስም የታከለው ደግሞ በ1891 ነው። ይህም የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲታተምበት በሕግ ስላዘዘ ነው። ከዚህ እንደሚታየው እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱ ምክንያት አለው፤ ሽርክና፣ ቁጥጥር፣ ዝና፣ ቀረጥ።

ስሙ ዋጋ ሲያወጣ አስመሳይም አላጣም። በስቶክተን ከተማ የነበረ አንድ ፋብሪካ በስሙ መካከል አንዲት ፊደል ጨምሮ ያትም ስለ ነበር በ1848 በፍርድ ቤት ታግዷል። አንዲት ፊደል ለማስከበር ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ድርጅት የራሱን ባለሙያዎች ስም እንዴት ይዞ ነበር? ትችቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ዊሊያም ሐክዉድ ከ1769 ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ በኢትሩሪያ የሠራ ቀራጺ ነበር። ፋብሪካው ከሚኮራባቸው ምስሎች ብዙዎቹ ከእጁ የወጡ ናቸው። በ1777 ሐክዉድ ከቀረጻቸው የራስ ምስሎች ትከሻ ሥር ስሙን አስፍሮ ተገኘ። ዌጅዉድ ይህን ባየ ጊዜ ነገሩ ዳግመኛ እንዳይሆን የሚከለክለው መሆኑን ለቤንትሊ ጻፈለት። የራሱን ስም በእያንዳንዱ ዕቃ ግርጌ የሚያትመው ሰው፣ ቀራጺው በትከሻ ሥር የደበቃትን ስም ሊታገሣት አልቻለም። በዚህ ፋብሪካ የማኅተም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ድርጊት የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ የሥራውን አደረጃጀት መመልከት ይበቃል። ዌጅዉድ ሥራውን በክፍል በክፍል የከፋፈለ፣ ሠራተኛውን በደወል የሚያስገባና የሚያስወጣ አሠሪ ነበር። በሰኔ 1790 በፋብሪካው ከነበሩት 278 ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች መካከል የተለየ የሥራ መደብ ያልነበራቸው አምስት ብቻ ነበሩ። አንዱ ጭቃ ያቦካል፣ አንዱ ያሽከረክራል፣ ሌላው ጆሮ ይቀጥላል፣ ሌላዋ ትሥላለች፣ ሌላው ቅብ ያጠልቃል። አንድ ዕቃ በብዙ እጅ ሲያልፍ የማን እጅ ሥራ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ባዶው ሥፍራም በባለቤቱ ስም ይሞላል። በ1860 የመጣው መካከለኛ ፊደል ሠሪውን ያመለክታል ቢባልም፣ ያቺ ፊደል ለተቆጣጣሪው የተጻፈች እንጂ ለተመልካቹ የምትናገር አይደለችም። ሠርቶ አደሩ በዕቃው ግርጌ በአንድ ፊደል ተወክሏል፤ ስሙ ግን አልተጠራም። በመላው የስታፎርድሺር የሸክላ አገር በቅቡ ውስጥ ያለው እርሳስ ቅብ አጥላቂዎችን ሲመርዝ፣ የተፈጨው ድንጋይ ብናኝ ሳንባ ሲያጠቃ ኖሯል። ይህን የሚናገር ምልክት በማንኛውም ሲኒ ግርጌ አይገኝም።

በ1787 የተሠራው የፀረ ባርነት ሜዳሊያም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ዌጅዉድ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት በተቋቋመው ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ነበረ። ሜዳሊያው እጁና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ተንበርክኮ እኔስ ሰው፣ እኔስ ወንድም አይደለሁምን ብሎ የሚለምን ጥቁር ሰው የሚያሳይ ሲሆን፣ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ጃስፐር ተሠርቶ በብዛት ታደለ፤ ሴቶች በአምባርና በፀጉር ጌጥ ላይ አደረጉት፤ በ1788ም ወደ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተላከ። ለበጎ ዓላማ መዋሉ አያጠያይቅም፤ የሰውን ኅሊና ለመቀስቀስ ከረዱት የሥዕል ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁንና የተቀረጸው ሰው ተንበርክኳል እንጂ አልቆመም፤ ስምም የለውም። የቀረጸው ሐክዉድም ስሙን አላሰፈረም። ከሜዳሊያው ጀርባ የታተመ ስም ቢገኝ የዌጅዉድ ነው። ስለ ሰው ክብር የሚናገር ሥራ ሁለት ሰዎችን ስም የለሽ አድርጎ መቅረቱን ሂስ ሳይጠቅሰው ሊያልፍ አይገባም።

ስም ከእጅ ከተለየ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የፋብሪካው የቅርብ ታሪክ ያሳያል። ሥራው ከኢትሩሪያ ወደ ባርላስተን ተዛወረ፤ አሮጌው ፋብሪካም በ1950 ተዘጋ። በ1986 የአየርላንዱ ዋተርፎርድ ድርጅቱን ገዛው። በጥር 2009 ጥምር ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደቀ፤ በ2015 ደግሞ የፊንላንድ ኩባንያ የሆነው ፊስካርስ ያዘው። በዚህ ሂደት ምርቱ በብዛት ወደ ኢንዶኔዥያ ሲዛወር፣ በዚያ ከተሠሩት ዕቃዎች መካከል ዌጅዉድ፣ እንግሊዝ፣ 1759 የሚል ማኅተም የያዙ ታይተዋል። ስሙ፣ አገሩና ዓመቱ ሁሉ ባሉበት ቀርተው እጁ ብቻ ተለውጧል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ማኅተሙ በ1777 ለቀራጺው ስም ቦታ ከነፈገ፣ ከ230 ዓመት በኋላ ለኢንዶኔዥያዊቷ ሠራተኛ ስም ቦታ ሊያገኝላት አይችልም ነበር።

ጥቁሩ ባሳልትና ጥቁሩ ጀበና

ከዌጅዉድ ሥራዎች ሁሉ ለምዕራብ ሸዋ ጀበና የሚቀርበው ጥቁሩ ባሳልት ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ያለ ቀለም ጌጥ፣ በቅርጻቸው ብቻ ዓይን ይስባሉ። ባሳልት ጥቁረቱን ያገኘው በጭቃው ውስጥ ከተቀላቀለው ብረትና ማንጋኒዝ ሲሆን፣ አርአያው በኢጣሊያ መቃብሮች የተገኙ ጥንታዊ ማሰሮዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ማሰሮዎች የኢትሩስካውያን ሥራ ናቸው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ፋብሪካው ኢትሩሪያ ተባለ፤ ኋላ ግን ብዙዎቹ የግሪኮች መሆናቸው ታወቀ። የፋብሪካው ስም ራሱ የሠሪዎች ማንነት በተሳሳተበት ጊዜ የወጣ ስም ነው ማለት ነው። ባሳልት ንጹሕ፣ ለስላሳና ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ለመቃብር የተሠራን ቅርጽ ለሳሎን መደርደሪያ ያዋለ፣ በአመዛኙ ለመታየት የተሠራ ጥበብ ነው።

ጀበና የሚታየው ሲያገለግል ነው። ሰፊ ሆዱ እሳቱን ይቀበላል፤ ጠባብ አንገቱ እንፋሎቱን ይይዛል፤ ዘንበል ሲል አተላው ከሆዱ ሥር ቀርቶ ንጹሑ ቡና በአፉ ይወርዳል። ጆሮው እጅ እንዳይቃጠል ከሆዱ ርቆ ይቆማል። በመንኮራኩር ያልተሠራ፣ በእጅ ብቻ እየተሳበና እየተለሰነ የወጣ በመሆኑ፣ ክቡ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ሠሪዋ ጭቃውን ስትዞረው የተጫነው አውራ ጣት አንዳንዴ ከጆሮው ሥር ይታያል። ጥቁረቱ ከጭስ ነው፤ ቤት ከገባ በኋላም በየዕለቱ እሳት ይጨምራል። አዲስ ጀበና ከመሟሸቱ በፊት ሙሉ ጀበና አይደለም፤ ሥራው በገዢዋ እጅ ይፈጸማል። በቅርጽና በአገልግሎት መዋሐድ ከተመዘነ፣ የምዕራብ ሸዋው ጀበና ከባሳልቱ ማሰሮ አያንስም፤ በዚህ ረገድ እንዲያውም ይበልጣል።

የሚያንስበት በአንድ ነገር ነው፤ የሠሪዋ ስም የለውም። ይህም ትሕትና ከወለደው ልማድ ብቻ የመጣ አይደለም። ሸክላ ሠሪ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች፣ እንደ ብረት ሠሪውና እንደ ቆዳ ፋቂው፣ የተናቀ ባለ እጅ ሆኖ ኖሯል። ጠይብ ተብሏል፣ ቡዳ ተብሏል። ዕቃው ከቤት ሲገባ ሠሪዋ ከደጅ ቀርታለች፤ ጋብቻም ተነፍጓታል። በጎንደር አጠገብ የወለቃ፣ በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህን ንቀት አሳምረው ያውቁታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው የንቀቱን ስፋት ያስረዳል። አዋጅ ግን ስድብን ሊከለክል ይችል ይሆናል እንጂ ስም ሊሰጥ አይችልም። እጇ የተናቀባት ሴት ስሟን በሥራዋ ላይ ብትጽፍ ዕቃው አይሸጥላትም ነበር። በመሆኑም የጀበናው ስም የለሽነት የተመረጠ ሳይሆን የተጫነ ነው።

ከምዕራብ ሸዋ አፈር የሚወጣ ሌላው ነገር ግን ስም አላጣም። እንጭኒ ዋና ከተማዋ በሆነችው በአድአ በርጋ ወረዳ የሚገኘውና በ1984 (እ.ኤ.አ.) ማምረት የጀመረው ፋብሪካ ሲሚንቶ የሙገርን ስም በከረጢቱ ላይ ይዞ ወጥቷል። የአምቦ ማዕድን ውኃ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጠርሙስ እየታሸገ የከተማዋን ስም በመላ አገሪቱ አዳርሷል። የአንዱ ወረዳ ድንጋይ ስም ሲኖረው፣ የአንዲቱ ከተማ ውኃ ስም ሲኖረው፣ ከዚያው ምድር ጭቃ በሰው እጅ የተቀረጸው ጥበብ ያለ ስም መሸጡ ሊያስገርም ይገባዋል።

«ስም ለምን ያስፈልጋል?» ለሚሉ

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጃፓናዊው ፈላስፋ ያናጊ ሶኤትሱ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ውበት የሚመነጨው ሠሪው ራሱን ረስቶ፣ ዝናን ሳይሻ ከመሥራቱ ነው ብሎ አስተምሯል። ወዳጁ ታላቁ ሸክላ ሠሪ ሐማዳ ሾጂም በዕቃው ላይ ስሙን መጻፍ ትቷል። ታዲያ ጀበናው ስም ባይኖረው ውበቱን ጠበቀለት እንጂ ምን ጎዳው? የሚል ሊኖር ይችላል።

ሐሳቡ ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። ሐማዳ ስሙን ሲተው ዓለም አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ዕቃው ባይፈረምበትም የሐማዳ ነው ተብሎ ተሰብስቧል። የእንጭኒ ሸክላ ሠሪ የምትተወው ስም አልነበራትም። ያለን መተውና የተነፈጉትን ማጣት በአንድ ቃል ሊጠሩ አይችሉም።

ስም መጻፍ ከከንቱ ውዳሴ የተለየ ጥቅም እንዳለው የኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የታወቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። አጥኚዎች ያንን አንድ ሥዕል መነሻ አድርገው የመስመሩን አካሄድ፣ የፊቱንና የልብሱን አሣሣል ከሌሎች ሥዕሎች ጋር በማስተያየት የእርሱ የሆኑትንና የእርሱን ፈለግ የተከተሉትን ለይተዋል። አንድ ስም የአንድን ዘመን የሥዕል ስልት ከጨለማ አወጣ። የብራና ጸሐፊዎችም በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አስፍረው አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይለምኑ ነበር። ስለዚህ ስም ማስፈር ለኢትዮጵያ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ሳይደርስ ቀረ እንጂ። በሸክላ በኩል አንድ እንኳ የተፈረመ ጀበና ያልያዘ አጥኚ፣ የአንዲት መንደር ሥራ ከሌላዋ፣ የእናት ሥራ ከልጅ የሚለይበትን ታሪክ ከምን ተነሥቶ ይጽፋል?

ከአፍሪቃም ምሳሌ አለ። ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊ ሸክላ መሥራትን በመንደሯ፣ በሴቶች ወግ፣ ያለ መንኮራኩር የተማረች ናት። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው ባቋቋመው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ገብታ ስትሠራ የመንደሯን ቅርጽና ጌጥ አልተወችም፤ ዕቃዋ ግን በስሟ ታወቀ፣ በስሟም ለትዕይንት ቀረበ። በ1984 ከሞተች በኋላ ምስሏ በ20 ናይራ የወረቀት ገንዘብ ላይ ታትሟል። ስሟ መታወቁ የመንደሯን ጥበብ አላበላሸውም፤ ከመንደር ወደ አገር አወጣው እንጂ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአበው ቃል ለሸክላ ሠሪም የተነገረ መሆኑን እርሷ አሳይታለች።

ሊደረግ የሚገባው

ከዌጅዉድ ታሪክ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ፤ አንዱ ሊወሰድ፣ አንዱ ሊጣል የሚገባው። ሊወሰድ የሚገባው የመጀመሪያው ሰው ድፍረት ነው፤ ሸክላ ሠሪ በሥራው ሳያፍር፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ኃላፊነቱን ወስዶ ስሙን በጭቃው ላይ ማሳረፉ። ሊጣል የሚገባው የኋለኛው ባለ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስምን ለራስ ጠቅልሎ የቀራጺውን ስም ከትከሻ ሥር መፋቅ። ይህ ማስጠንቀቂያ በእንጭኒም ሊረሳ አይገባውም። ነገ ነጋዴ ወይም ድርጅት የሴቶቹን ጀበና ሰብስቦ በራሱ ማኅተም ቢሸጥ፣ ጀበናው ስም አገኘ ማለት አይቻልም፤ ሌላ ባለቤት አገኘ እንጂ። ማኅተሙ የእጇ መሆን አለበት። ፊደል ባትቆጥርም እንኳ የራሷ የሆነ ምልክት፣ በእንጨት የተጫረ መስመር ወይም የጥፍር ነጠብጣብ፣ ትመርጣለች፤ ያ ምልክት የማን እንደሆነ በመዝገብ ይያዛል።

መምህሩ በበኩሉ ተማሪዎችን ወደ ገበያ ልኮ የጀበናን ቅርጽ ሲያስነሣ፣ የሠሪዋን ስም፣ ጭቃው የተቆፈረበትን ሥፍራና ሙያውን ከማን እንደ ተማረች አብረው እንዲጽፉ ማድረግ ይችላል። የባህል ሥራ አደራጁ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ከዕቃው አጠገብ በሚያኖራት ወረቀት ላይ «የሸክላ ጀበና፣ ምዕራብ ሸዋ» ብሎ ማቆሙ አይበቃም፤ ለሥዕልና ለሐውልት የሚያደርገውን ሁሉ፣ የሠሪውን ስምና ዓመቱን ጭምር፣ ለጀበናውም ሊያደርግ ይገባዋል። ሠዓሊውና ቀራጺው የሸክላ ሠሪዋን ቅርጽ ለራሳቸው ሥራ ሲዋሱ ከማን እንደ ተዋሱ ሊናገሩ ይገባል። ኀያሲም ስለ ሸክላ ሲጽፍ «የሕዝብ ጥበብ» በሚለው ሰፊ ቃል ውስጥ የአንዲትን ሴት እጅ አስጥሞ ማለፉን ሊተው ይገባዋል፤ ሕዝብ የሚሠራው በሰዎች እጅ ነውና።

ጊዜው ሰፊ አይደለም። እንስራውን የፕላስቲክ ጀሪካን፣ የሸክላ ድስቱን ብረት ድስት፣ ምጣዱን የኤሌክትሪክ ምጣድ እየተካው ሄዷል። ጀበና ገና ከቦታው ቢሆንም የሙያው ዐዋቂዎች በዕድሜ እየገፉ፣ ልጆቻቸውም ከተናቀው ሥራ እየራቁ ናቸው። የሸክላ ማኅተም የሚጫነው ጭቃው እርጥብ ሳለ ነው፤ በእሳት ከበሰለ በኋላ ቢጫኑት ዕቃውን ይሰብረዋል እንጂ አይገባም። የሸክላ ሠሪዎቹም ስም የሚጻፈው እነርሱ በሕይወት ሳሉ፣ ከአፋቸው ተጠይቆ ነው።